ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ሕክምና፦ የሳይካትሪ ነርስና የታካሚው ግንኙነት

በአካል ሕመም ሕክምና ነርሷ የደም ግፊት ትለካለች፣ ቁስል ታጥባለች፣ ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ ታካሚው ቢያምናትም ባያምናትም ቁስሉ ሊደርቅ፣ ትኩሳቱም ሊበርድ ይችላል። በአእምሮ ሕክምና ግን ሕመሙ የሚገለጠው ታካሚው በሚያስበው፣ በሚፈራው፣ በሚሰማውና በሚናገረው ውስጥ በመሆኑ፣ ታካሚው ልቡን ካልከፈተ ባለሙያው የሚመረምረው ነገር እምብዛም አይኖርም፤ የቀረበለትን ኪኒን ከተጠራጠረም ከምላሱ ሥር ሸሽጎ ቆይቶ ይተፋዋል። ሳይካትሪ ነርስ የሚባለው ባለሙያ፣ ማለትም ከመሠረታዊው የነርስነት ትምህርት በተጨማሪ የአእምሮ ሕመሞችን ለይቶ ለማወቅ፣ ለማከምና ለመከታተል የሠለጠነ ሰው፣ ሥራውን የሚጀምረው መተማመንን በመገንባት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሙያው ትምህርት ይህ መተማመን «ሕክምናዊ ግንኙነት» ይባላል። ይህም በነርሷና በታካሚው መካከል ሆን ተብሎ የሚመሠረት፣ ዓላማው የታካሚው መሻሻል ብቻ የሆነ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ግንኙነት ነው። ብዙ ሰው «ሲስተሯ ጥሩ ጠባይ አላት» ወይም «ብራዘሩ ሰው አክባሪ ነው» ሲል ጉዳዩን የግል ጠባይ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ይሁን እንጂ መልካም ጠባይ ለዚህ ሥራ መነሻ ቢሆንም ሥራው ራሱ በትምህርት የሚገኝ፣ በልምምድ የሚዳብርና ምቹ የሥራ ሁኔታ የሚፈልግ ችሎታ ነው።

ሸክሙ የወደቀበት ትከሻ

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ከፍ ያለ ክብደት የሚያገኝበት ታሪካዊ ምክንያት አለ። አማኑኤል ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በዚያ ዘመን ሳይካትሪስቶች፣ ማለትም በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞች፣ የሚሠለጥኑት በውጭ አገር ስለነበር ቁጥራቸው በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሲጀመር፣ ከዚያ የተመረቁት ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ወደሚገኙ ሆስፒታሎች ተሠማርተው ሳይካትሪስት በሌለበት የተመላላሽ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ፤ ሕሙማንን መረመሩ፣ መድኃኒት አዘዙ፣ ቤተሰብንም መከሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በዚህም የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በየጊዜው እየመጡ አግዘዋል።

በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተካሄደው ሰፊ ጥናት፣ ቤት ለቤት በመዞር ከ68,000 በላይ ሰዎችን ካነጋገረ በኋላ፣ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል እጅግ የሚበዙት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ አሳይቷል። ስኪዞፍሬኒያ ማለት አስተሳሰብን የሚያዛባ፣ የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሰውን ከእውነታው የሚያራርቅ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ታማሚ ከዓመታት በኋላ የጤና ተቋም ደጃፍ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ነርስ በመሆኑ፣ ይመለስ ወይስ ይቅር የሚለው ውሳኔ የሚመዘነው በዚያ የመጀመሪያ ሰዓት በሚገጥመው አቀባበል ላይ ነው።

ከቦሌ አየር ማረፊያ ተነስቶ በገርጂና በሲኤምሲ በኩል እስከ አያት በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍልም ይህ ጉዳይ በየዕለቱ የሚታይ ነው። ኮተቤ ላይ የሚገኘው ኤካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል መጀመሪያ የታሰበው ለአማኑኤል ሆስፒታል ማስፋፊያ እንዲሆን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲገባ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቢያገለግልም የአእምሮ ሕክምና ዛሬም ከአገልግሎቶቹ አንዱ ነው። በአያት አካባቢ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ደግሞ፣ ከጎዳና ያነሣቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እያበላ፣ እያጠበና እያሳከመ ይገኛል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው የማዕከሉ መርሕ ብዙ በጎ ፈቃደኞችን ያሰባሰበ ታላቅ ቃል ነው፤ ከጎዳና የተነሣውን ሰው ገላ ለማጠብና ለማጉረስ በእርግጥም ሰው መሆን በቂ ሲሆን፣ የዚያን ሰው የተዛባ ሐሳብ ለመረዳትና ወደ ሕክምና ለማምጣት ግን ሰው በመሆን ላይ ሙያ መጨመር ያስፈልጋል።

አራት ደረጃዎች

ለዚህ ሙያ መሠረት ከጣሉት ሰዎች መካከል በግንባር ቀደምትነት የምትጠቀሰው አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው ናት። ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ነርስ የሐኪም ትእዛዝ ፈጻሚ ብቻ እንዳልሆነችና ከታካሚው ጋር የምትመሠርተው ግንኙነት ራሱ የሕክምና ኃይል እንዳለው አስተማረች። በዘመኑ ነርስ ያለ ሐኪም አጋርነት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማሳተሟ እንደ ድፍረት ይታይ ስለነበር፣ መጽሐፉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለዓመታት ሳይታተም ቆይቷል። የእርሷን ሐሳብ መሠረት አድርጎ ዛሬ በነርስነት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት ግንኙነቱን በአራት ደረጃዎች ይከፍለዋል፤ እነዚህም ዝግጅት፣ ትውውቅ፣ ሥራና ስንብት ናቸው።

በዝግጅት ደረጃ ነርሷ የታካሚውን ካርድ ከማንበቧም በላይ የራሷን ስሜት ትመረምራለች። በልጅነቷ «ዕብድ» ተብሎ በድንጋይ ሲባረር ያየችው ሰው በአእምሮዋ የተወው ፍርሃት፣ ወይም ስለ ሱሰኛ ሰው ያላት ንቀት፣ ሳታውቀው በፊቷ ላይ ሊነበብ ስለሚችል ይህን አስቀድማ ልታውቀው ይገባል። በትውውቅ ደረጃ ደግሞ ስሟንና ሥራዋን ትናገራለች፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገናኙ፣ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ፣ የሚነግራት ነገር ለማን ሊተላለፍ እንደሚችልና ለማን እንደማይተላለፍ ትገልጻለች። ታካሚው በዚህ ጊዜ ዝም ቢል፣ ቢቆጣ ወይም ቀጠሮውን ቢያፈርስ ነገሩ እምቢተኝነት ተብሎ አይታለፍም፤ ብዙውን ጊዜ «ይህች ሰው ትታገሠኛለች ወይስ እንደ ሌሎቹ ትሸሸኛለች?» የሚል ፈተና ነውና፣ ነርሷ በተባለው ሰዓት ደጋግማ በመገኘት ትመልስለታለች።

ዋናው ጉልበት የሚፈስሰው በሥራው ደረጃ ነው። ታካሚው ሕመሙ ከመባባሱ በፊት የሚታዩትን ምልክቶች፣ ለምሳሌ እንቅልፍ ማጣትን፣ ከሰው መሸሽን ወይም ከመጠን በላይ መናገርን፣ ከነርሷ ጋር ሆኖ መለየት ይማራል፤ መድኃኒቱ የሚያመጣበትን የእጅ መንቀጥቀጥና ድብታ በግልጽ ይናገራል፤ ወደ ሥራው፣ ወደ ትምህርቱ ወይም ወደ ትዳሩ የሚመለስበትን መንገድም ይመክራል። የመጨረሻው ደረጃ ስንብት ሲሆን፣ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ወይም ነርሷ ወደ ሌላ ክፍል ስትዛወር የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ሰው ጥሎት የሄደ ታማሚ፣ የለመዳት ነርስ ሳትሰናበተው አንድ ቀን ብትጠፋ ያንኑ የቀድሞ ቁስል ስለሚያመረቅዝበት፣ ስንብቱ አስቀድሞ ሊነገረውና ቀጥሎ የሚከታተለውም ባለሙያ በአካል ሊተዋወቀው ይገባል።

ንግግሩ በቅርብ ሲታይ

እነዚህ ደረጃዎች በተግባር ምን እንደሚመስሉ ለማየት አንድ የተለመደ ሁኔታ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንድ አባት፣ ከላይኛው ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች ሌሊቱን ሙሉ በግድግዳው ውስጥ እየሰደቧቸው እንደሆነ ይናገራሉ እንበል። ቤተሰቡ «ማንም አልተሳደበም፣ ዝም ብለው ነው» እያለ ሲከራከራቸው ሰንብቷል፤ ክርክሩ ግን እምነታቸውን ከማጠንከር በቀር አንዳች አልፈየደም። ነርሷም እንደ ቤተሰቡ «ውሸት ነው» ብትል የሚያምኑት ሰው ያጣሉ፤ ለማስደሰት ብላ «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ» ብትል ደግሞ ሕመሙን ታጸናለች፤ እንደ ዋሸቻቸው የተረዱ ዕለትም ሁለተኛ አያምኗትም። የሠለጠነች ነርስ መልስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያልፍ ነው፤ «ጋሼ፣ እኔ ድምፁ አይሰማኝም፤ ነገር ግን እርስዎን በጣም እንዳስጨነቀዎት አያለሁ፤ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ትላለች። በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ እውነቱ አልተካደም፣ ሰውየው አልተነቀፉም፣ ጨዋታውም ከማይፈታው ክርክር ወጥቶ ሊታከም ወደሚችለው እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ተሸጋግሯል።

ነርሷ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ማለቷም ትንሽ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ለታላቅ የሚሰጠው የአክብሮት አጠራር የሰው ማዕርግ ምልክት ሲሆን፣ የአእምሮ ሕመም ከሚነጥቃቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነው፤ ትናንት በዕድራቸው ዳኛ የነበሩ ሰው፣ ዛሬ ስለ ታመሙ ብቻ ከጥበቃ ሠራተኛ እስከ ካርድ ክፍል ድረስ «አንተ፣ ና ወዲህ» ሲባሉ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ሰው በስማቸውና በሚገባቸው አጠራር መጥራት ገንዘብ የማያስወጣ የሕክምና ጅማሬ ነው። በሌላ በኩል ወጣት ታካሚን ከመጠን ያለፈ መደበኛ በሆነ አነጋገር ማነጋገር ሊያርቀው ስለሚችል፣ ነርሷ ታካሚው እንዴት መጠራት እንደሚወድ ጠይቃ ብትወስን የተሻለ ነው።

ከንግግሩ እኩል የሚያስፈልገው ማዳመጥ ነው፤ በድባቴ፣ ማለትም ደስታን፣ ጉልበትንና ተስፋን በሚነጥቀው ጽኑ የሐዘን ሕመም የተያዘ ሰው፣ አንድን ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ብዙ ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላልና። «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ በቅንነት የሚነገር ቢሆንም፣ ቶሎ ሲሰነዘር ግን የታካሚውን አፍ ይዘጋል፤ ሰውየው ሊናገር ያሰበውን የሞት ሐሳብ ዋጥ አድርጎ «እሺ» ብሎ ይሄዳል። ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው አእምሮ ውስጥ ይጨምራል የሚለው ፍርሃት መሠረት የሌለው መሆኑ በሙያው ዘንድ የታወቀ በመሆኑ፣ ነርሷ በተረጋጋ ድምፅ «መኖር የሚያስጠላዎት ጊዜ አለ?» ብላ መጠየቅ ይጠበቅባታል።

የተሰበረ እምነት

ቦሌ አየር ማረፊያ በርካታ ወጣት ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች የሚወጡበትና የሚመለሱበት በር ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው ጽኑ የአእምሮ መታወክ የደረሰባቸው ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህም በየጊዜው የሚመለሱ አሉ። በቤት ሠራተኝነት ኖረው ከተመለሱት ሴቶች ብዙዎቹ ፓስፖርታቸውን በአሠሪ የተቀሙ፣ በር ተቆልፎባቸው የኖሩ፣ ደመወዛቸውን የተከለከሉ ወይም የተደበደቡ በመሆናቸው፣ በሰው ላይ ያላቸው እምነት ተሰብሯል።

እንዲህ ያለች ታካሚ ሆስፒታል ስትተኛ የሚጠብቃት አሠራር፣ ማለትም ስልኳን፣ ቀበቶዋንና ነጠላዋን ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ የክፍሉን በር መዝጋትና ኪኒኑን ስትውጥ ቆሞ ማየት፣ ለደኅንነቷ ሲባል የተደነገገ ነው፤ ለእርሷ ግን ካመለጠችበት ቤት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሊታያት ይችላል። ነርሷ እያንዳንዱን ዕቃ ስትወስድ ለምን እንደምትወስድ፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚመለስ ብትነግራት፣ ዕቃዎቹንም በፊቷ ቆጥራ ብታስመዘግብ፣ ከመንካቷ በፊትም ብታስፈቅድ፣ ያው አሠራር ፍጹም ሌላ ትርጉም ይይዛል። ታካሚ በተቆጣበት ሰዓትም ቢሆን ራቅ ብሎ መቆም፣ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፣ መውጫውን አለመዝጋትና ምርጫ መስጠት፣ አስሮ ከመያዝ በፊት ሊሞከሩ የሚገባቸው መንገዶች ናቸው።

ሦስተኛው ሰው

የምዕራቡ ዓለም የመማሪያ መጻሕፍት ግንኙነቱን በአመዛኙ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ አድርገው ይገልጹታል፤ በኢትዮጵያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም አስታማሚው ነው። ታካሚውን ያመጣው፣ የትራንስፖርቱን ወጪ የቻለው፣ መድኃኒቱን በቤት የሚሰጠው ወንድም፣ እናት ወይም ሚስት በመሆናቸው፣ እነርሱን ያገለለ ሕክምና ብዙ አይራመድም። ይሁንና አስታማሚው በምርመራ ክፍል ስለ ታካሚው ብቻውን ሲናገር፣ ነርሷም ከእርሱ ጋር ብቻ ስትነጋገር፣ ታካሚው በራሱ ጉዳይ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ታካሚውን ለብቻው፣ ቀጥሎም ፈቃዱን ጠይቆ ከቤተሰቡ ጋር ማነጋገር የሚመረጥ ሲሆን፣ በምሥጢር የተነገረውን ለቤተሰብ ማቀበል ግን ግንኙነቱን ይሰብረዋል። ታካሚው ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ማሰቡን ከተናገረ ይህ ምሥጢር ሊሆን ስለማይችል፣ ነርሷ «ለማንም አልናገርም» የሚል ደፋር ቃል ከመስጠት ትቆጠባለች።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ሃይማኖታዊ እምነት ነው። ከታማሚዎች ብዙዎቹ ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ጠበል ከሞከሩ በኋላ ወይም ጠበሉን ሳያቋርጡ ነው። በጠበል ላይ የምትሣለቅ ነርስ ታካሚውንም ቤተሰቡንም በአንድ ቃል ታጣለች፤ ጠበሉን እንደያዘ መድኃኒቱንም እንዲወስድ የምትስማማ ነርስ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት መንገድ ታገኛለች። በጾም ወራት ኪኒን የሚወሰድበትን ሰዓት ከታካሚው ጋር ማስተካከል፣ ወይም በየወሩ የሚሰጠውን መርፌ አማራጭ አድርጎ ማቅረብ፣ የዚሁ መግባባት ክፍል ነው። የወር መርፌ ለመወጋት የሚመጣ ታካሚ ከነርሷ ጋር በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ይገናኛል፤ መርፌው የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ቢሆንም ከዚያ በፊት «ወሩ እንዴት አለፈ?» ተብሎ የሚጠየቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ሕመሙ ሊያገረሽ ሲል ቀድሞ የሚታወቅባቸው ናቸው።

ወሰን

ግንኙነቱ ሞቅ ያለ መሆኑ ወሰን የለውም ማለት አይደለም። ሙያው ወሰን የሚለው፣ ነርሷ የታካሚው ወዳጅ፣ አበዳሪ፣ የንግድ አጋር ወይም ፍቅረኛ እንዳትሆን የሚከለክለውን መስመር ነው። በኢትዮጵያ ይህ መስመር የሚፈተነው በክፋት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ በምስጋና ነው፤ የዳነ ልጅ እናት ለበዓል ዶሮ ወይም ማር ይዛ ትመጣለች፣ የስልክ ቁጥር ትጠይቃለች፣ አንዳንዴም ነርሷ ለልጅ ልጇ ክርስትና እናት እንድትሆን ትለምናለች። ነርሷ አበልጅ ከሆነች ግን ነገ ስለዚያ ቤተሰብ ጠብ ወይም ስለ ታካሚው ሱስ በነጻነት መጠየቅ ይከብዳታል፤ ሌሎች ታካሚዎችም ያልተሰጣቸው ነገር እንዳለ ይሰማቸዋል። ምስጋናውን በአክብሮት ተቀብሎ ስጦታውን በለዘብታ መመለስ፣ የግል ስልክ በመስጠት ፈንታ የክፍሉን ስልክ መጻፍ፣ የተለመዱ መፍትሔዎች ናቸው።

ወሰኑ ለነርሷም ጥበቃ ነው። በየዕለቱ የሌላውን ሰቆቃ የምታደምጥ ባለሙያ፣ ታካሚዋ ታናሽ ወንድሟን ስላስታወሳት ከሌሎቹ አብልጣ ልትቀርበው፣ ወይም አባቷን ስላስታወሳት ያለ ምክንያት ልትቆጣው ትችላለች። ይህን ለይቶ ለማወቅ ከሥራ ባልደረቦችና ከቀዳሚ ባለሙያ ጋር በየጊዜው ተቀምጦ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ምክክር በሌለበት ክፍል ነርሶች ከጊዜ በኋላ ይደነዝዛሉ፣ ታካሚውንም በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ መጥራት ይጀምራሉ።

ምን ያስፈልጋል?

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በነርሷ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ሊጣል አይችልም። ረጅም ሰልፍ ባለበት የተመላላሽ ክፍል፣ አንዱ ታካሚ ሲናገር ሌላው በሩ ላይ ቆሞ በሚያዳምጥበት፣ በእያንዳንዱ ቀጠሮም ሌላ ነርስ በምትቀመጥበት ሁኔታ መተማመን አይበቅልም። ጎንደርና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች በአእምሮ ጤና በማስተርስ ደረጃ ባለሙያዎችን ማሠልጠናቸው፣ በመንግሥት ስትራቴጂም የአእምሮ ሕክምና እስከ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ መታቀዱ ትልቅ እርምጃ ነው። በዚሁ በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ሙከራም፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ለጽኑ የአእምሮ ሕሙማን የሚሰጡት ክትትል በሳይካትሪ ነርሶች ከሚመራው የሆስፒታል ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል። የሆስፒታልና የጤና ጣቢያ ኃላፊዎች በዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ቢጨምሩ፣ ማለትም በሩ የሚዘጋ የምርመራ ክፍል፣ ለአንድ ታካሚ በየቀጠሮው አንድ ነርስና ለነርሶቹ ቋሚ የምክክር ሰዓት ቢመድቡ፣ ያለ አዲስ መድኃኒት የተሻለ ሕክምና ይሰጣሉ።

ቤተሰብም የራሱ ድርሻ አለው። የታመመውን ሰው «ዘመድ ልንጠይቅ ነው» ብሎ አታልሎ ሆስፒታል ማስገባት በየቤቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ነርሷ ገና ስሟን ሳትናገር እምነቱን ያፈርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የምትለፋው ያንን ለመጠገን ነው። ስለዚህ የታመመ ሰው በቤቱ ያለ አንባቢ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ለምን እንደሚሄዱና አብሮት እንደሚቆይ ለታማሚው አስቀድሞ በግልጽ ይንገረው።